የእማዬ ማድ ቤት፦ የጭቃ ሳምንት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥር 16 ቀን 2007 ዓ.ም.

ከባሕር ዳር በማለዳ ተሳፍሬ፣ ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን እያለፍኩ ደምበጫ ስወርድ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ በአብሮ አደጌ ባጃጅ ጨረስኩት፤ ግማሹን ተቀምጬ፣ ግማሹን ከኋላ እየገፋሁ።

የመጣሁት ለእማዬ ማድ ቤት ነው። አሮጌው ባለፈው ክረምት አንድ ጎኑ ተንዶ፣ እማዬ ከመስከረም ጀምሮ እንጀራ የምትጋግረው ከጓሮ በተወጠረ ላስቲክ ሥር ነው። አናጢው በታኅሣሥ የባሕር ዛፍ ቋሚውን ተክሎ፣ ማገሩን መትቶ፣ ቆርቆሮውን አልብሶ ሄዷል። የቀረው ግድግዳው፣ ወለሉና ምድጃው ነው፤ ባጭሩ ጭቃው። ጭቃ ደግሞ ምን አለው ብዬ የዐሥር ቀን የዓመት ፈቃድ ወሰድኩ። ባልደረቦቼን የተሰናበትኳቸው «ቤት ልሠራ ነው» ብዬ ነው። ማድ ቤት መሆኑን አልነገርኳቸውም።

ማታ ደብተሬን ዘርግቼ አሰላሁ። ቤቱ 4 ሜትር በ3 ሜትር ነው፤ ዙሪያው 14 ሜትር። ቁመቱ 2 ሜትር ከ20። በሩና ሁለቱ መስኮቶች ሲቀነሱ 28 ካሬ ሜትር ገደማ ግድግዳ ይተርፋል። ውፍረቱ 12 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከ3 ሜትር ኩብ በላይ ጭቃ ያስፈልጋል፤ ሩቡን ውሃ ብንለው 42 ጀሪካን። ሰኞ ማቡካት፣ ማክሰኞና ረቡዕ ምርጊት፣ ሐሙስ ምድጃ፣ ዓርብ ልስን፣ ቅዳሜ ወለል። በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት።

አባባ እስክጨርስ አዳመጡኝና «ቀኑን ከማን ጋር ተማክረህ ነው የደለደልከው?» አሉ። እማዬ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ማክሰኞ 19 ገብርኤል ነው። ሐሙስ 21 አስተርእዮ ማርያም። ዓርብ 22 ዑራኤል። ቅዳሜ 23 ጊዮርጊስ። እሑድ ሰንበት። ሰኞ 25 የነነዌ ጾም ይገባል። ከስድስት የሥራ ቀኖቼ ሰኞና ረቡዕ ብቻ ተረፉ። ረቡዕም ጾም ስለሆነ ለሠራተኛ ሥጋ አይቀርብም።

ይግባኙ ለየኔታ ቀረበ። የኔታ የአባባ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በወጣትነታቸው ዋሸራ ወርደው ቅኔ የተማሩ፣ ዛሬም ሁለት ትርጉም የሌለው ነገር መናገር የሚከብዳቸው ሰው። ቡናቸውን ፉት እያሉ ፈረዱ፦ «በበዓል መሬት መቆፈር፣ እንጨት መፍለጥ የለም። የተቆፈረውን መርገጥ ግን መመላለስ ነው። የሚመላለስ ሰው መንገደኛ ነው፤ መንገደኛን ማን ይከለክለዋል?» ሐሙስ ግን በምንም ምክንያት አይነካም አሉ። ስለ ዑራኤልና ስለ ጊዮርጊስ «እንደ ጭቃው ሁኔታ ይታያል» ብለው በቀጠሮ አለፉት።

አንድ ነገር ደግሞ ዘግይቼ ሰማሁ። አባባ አፈሩን ቆፍረው፣ ጭድ ነስንሰው፣ ውሃ አጠጥተው ማቡካት የጀመሩት ባለፈው ሐሙስ ነው። እኔ ከባሕር ዳር የማስተዳድረው የመሰለኝ ሥራ ያለ እኔ ሦስት ቀን ሆኖታል።

እሑድ፣ ጥር 17

ሰንበት ነው፤ ማየት ግን አልተከለከለም። ጉድጓዱን አየሁት። ሽታው ክረምት ላይ በረት ውስጥ የከረመ ጭድ ይመስላል። «ተበላሽቷል እንዴ?» ብዬ እማዬን ጠየቅኳት። «ሊጥ ሲቦካ ተበላሸ ይባላል?» አለችኝ። ለካ ነገሩ ያው ነው። ጭዱ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ የሚለቀው ሙጫ መሳይ ነገር ነው ጭቃውን አጣብቆ የሚይዘው። ሳይቦካ የተመረገ ግድግዳ አንድ ክረምት አይሻገርም።

የራሴን ምርመራም አደረግኩ። በሃይላንድ ጠርሙስ አፈርና ውሃ ጨምሬ፣ በጥብጬ አስቀመጥኩት። አሸዋው ወዲያው ወደ ታች ዘቀጠ፤ ውሃው ግን እስከ ማታ ድረስ አልጠራም። አፈሩ ሸክላነት በዝቶበታል ማለት ነው፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ውጤቱን ለእማዬ ላበስር ስሄድ ከጉድጓዱ አንድ ጭብጥ ወሰደች፤ በመዳፏ መሃል እንደ ጣት አሹላ ጠቀለለችውና ጎበጥ አደረገችው። «አሸዋ ይፈልጋል» አለች። ጠርሙሴ ቀኑን ሙሉ የፈጀበትን እሷ ቆማ ጨረሰችው።

ሰኞ፣ ጥር 18

ውሃ። የቀኑ ሥራ በአንድ ቃል ይኸው ነው። በሁለት አህያ፣ በአንድ ምልልስ አራት ጀሪካን፣ አሥራ አንድ ምልልስ። የእኛዋ አህያ መንገዱን ስለምታውቀው ብቻዋን ትመለሳለች። የጎረቤት አህያ ግን በየመንገዱ እየቆመ ያስባል። እኔ የተመደብኩት ለጎረቤት አህያ ነው።

አሸዋውን ከተምጫ ወንዝ ዳር ባለባጃጁ አመጣ። ሦስት ከረጢት ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ተሳፋሪ ደርድሮ፣ መንገድ ላይ ያገኛት ሴትዮ «ቦታ አለህ?» ብትለው «ሞልቻለሁ፤ የተምጫ ሰዎች ናቸው» ብሏታል።

ከዚያ የጭድ ጉዳይ ተነሣ። እኔ ስምንት ከረጢት የጤፍ ጭድ ይጨመር እላለሁ፤ አባባ አራት ይበቃል ይላሉ። የእኔ ምክንያት ስንጥቅ ነው፤ ጭዱ ጭቃውን እንደ ክር ሰፍቶ ይይዘዋል። የአባባ ምክንያት በሬዎቹ ናቸው፤ ጥር ላይ ለግድግዳ የተሰጠ ጭድ ግንቦት ላይ ከበሬ አፍ የተነጠቀ ነው። «ግድግዳ አይርበውም» አሉ። ብዙ ተከራክረን በስድስት ተስማማን። አባባ ዞር ሲሉ እማዬ ሁለቱን ጨምራ በተነችው። እኔም አላየሁም፤ ደብተሬም አላየም።

መርገጥ የጀመርነው ከሰዓት በኋላ ነው። ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል፤ ላዩ በፀሐይ ሞቋል፣ ታቹ የጥር ውርጭ እንደያዘ ነው። እግርን ማስገባት ቀላል ነው፣ ማውጣት ነው ጣጣው። እግር ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ የሰፈሩ ልጆች በጣም ወደዱት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ከእኔ ጋር ሰባት ልጆች ነበሩ። ከኪሴ የወደቀው እስክሪብቶ፣ ቀዩ ማለቴ ነው፣ እስካሁን አልተገኘም። ረቡዕ ግድግዳ ውስጥ ይገባል።

እማዬ ደግሞ በራሷ ሥራ ተጠምዳለች። ለረቡዕ ሰዎች የሚቀርበው ጠላ የዳጉሳ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ከታጠነ ሰነባብቷል፤ ጌሾው ከብቅሉ ጋር ተጠንስሶ፣ እንኩሮው ገብቶበት፣ ድፍድፉ ሲፈላ ነበር። ማታ ውሃውን ጨመረችበት። ከዚያ ወደ ጉድጓዳችን መጥታ ሁለት ጭብጥ ጭቃ ወሰደችና የጋኑን አፍ በክዳኑ ዙሪያ መረገችው። የሳምንቱ የመጀመሪያ ምርጊት የተመረገው ጋን ላይ ነው። ጣቷን ሁለት ጊዜ አዞረችው፣ አለቀ። አንዲት ስንጥቅ አልወጣችበትም።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ገብርኤል። በየኔታ ፍርድ መሠረት ዶማና አካፋ አልተነካም። ረገጥን ብቻ። የኔታ ራሳቸው ከቅዳሴ ሲመለሱ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው አዩን። «ድሮ ጭቃ ሹም ነበር፤ ሰውን እያዘዘ ያሠራል። ዘንድሮ ጭቃው ራሱ ተሾመ» ብለው ሄዱ።

ታላቅ እህቴ ከደብረ ማርቆስ ልጇን ይዛ ገባች። ነጭ ጫማ አድርጋለች። ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ገና ሳይነጋ አሥራ አንድ ሰው መጣ። አካፋ የያዘ፣ ባልዲ የያዘ፣ ባሬላ የተሸከመ፤ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይዝ «እጄን ይዤ መጥቻለሁ» ያለ። እኔ በባሕር ዳር ሒሳብ ስንት ሠራተኛ፣ በቀን ስንት እያልኩ አስቤ ነበር፤ አባባ ቅዳሜ ዕለት «ሰው ይመጣል» ካሉት ሌላ ቃል አልነበራቸውም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሁለት ሰው ይረግጣል። ሁለቱ በባሬላ ያመላልሳሉ። የቀረው ጥንድ ጥንድ ሆኖ በማገሩ ግራና ቀኝ ይቆማል፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ። ጭቃው በሁለት እጅ እየተድበለበለ ከታች ወደ ላይ በማገሩ መካከል ይጠቀጠቃል። ሁለቱም እኩል መግፋት አለባቸው። ከውስጥና ከውጭ የመጣው ጭቃ መሃል ላይ ካልተጨባበጠ፣ ሲደርቅ አንዱ ከሌላው ይሸሻል፤ በመካከሉ የሚቀረው ክፍተት ለአይጥ የተሠራ ቤት ነው።

እኔ ከውስጥ፣ ባለባጃጁ ከውጭ ደረሰን። ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ችግሩ ሲሠራ ያወራል። ሦስት ዶሮ ይዛ ስለተሳፈረች ሴትዮ እየነገረኝ ነበር። አንደኛዋ ዶሮ አምልጣ መሪው ላይ ጉብ ማለቷን ሲያጋንን፣ እኔ ማገሩ ጠበብ ያለበት ቦታ ደርሼ ስለነበር አንድ ትልቅ ጉርሻ አድበልብዬ በሙሉ ኃይሌ ገፋሁት። ወሬው ተቋረጠ።

«ዶሮዋስ ምን ሆነች?» አልኩት። መልስ የለም።

በማገሩ ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ ከዓይኑ በቀር ፊቱ ግድግዳ ሆኗል። ቀስ ብሎ ተፋና፣ ከንፈሩን ላሰና፣ «ጨው አንሶታል» አለ።

ሥራ ቆመ። ሰው ሁሉ እየሳቀ ዙሪያውን ከበበው። ከዚያ አንዱ «ገና ስድስት ሰዓት አልሞላም፤ ጾም ገደፈ!» ብሎ ጮኸ። ጭቃ ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም የሚል ክርክር ተነሣ። የዋጠው ትንሽ ነው ያለ አለ፤ ጭዱ የጤፍ ስለሆነ እህል ነው ያለም አለ። ነገሩ ጥላ ሥር ወደተቀመጡት የኔታ ሄደ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡና «አዳም ከአፈር ነው የተበጀው። አፈር የበላ የአዳምን ሥጋ በላ። ሥጋ ደግሞ በረቡዕ አይፈቀድም» አሉ። ባለባጃጁ ቀኑን ሙሉ «ሥጋ በል» ሲባል ዋለ።

በስድስት ሰዓት ምሳ ሆነ። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ የባቄላ ንፍሮ። የጋኑ ምርጊት ሲነሣ የወይራው ጭስ ሽታ ከጌሾው ጋር ሆኖ ጥላው ድረስ መጣ። ጠላው በአንኮላ ተቀዳ። ከሰው ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆዩት የኔታ ብቻ ናቸው፤ ዘጠኝ ሲሆን ግን ሦስቱን ሰዓት አካክሰው ጠጡ። ጉሽ ነው፣ አልጠለለም ብላ እማዬ ይቅርታ ስትጠይቅ «አሁን እኛስ ምን የጠለለ ነገር አለን?» አሏት፤ እውነትም ሁላችንም ከእግር እስከ ራስ ጉሽ ነበርን።

ዐሥር ሰዓት ላይ ሦስቱ ግድግዳዎች አልቀው አራተኛው ላይ ጭቃ አጠረ። ሒሳቤን እንደገና ሠራሁት። ትክክል ነው። ጭቃው የት ሄደ? ጓሮ ዞሬ ሳይ አክስቴ ከሁለት ልጆች ጋር ሆና የዶሮ ቤቱን እየመረገች ነው። «ጭቃ ሲገኝ ነው እንጂ» አለችኝ። በኔ ግምት አምስት ባሬላ ወስዳለች። የዶሮ ቤቱ ምርጊት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከኛው ይበልጣል።

ሰው ሲበተን ተነሥቼ ምስጋና አቀረብኩ። «ለዚህ ደቦ ላደረጋችሁት» ስል ሁለት ሦስት ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ አንዱ ሳል አፈነው። አባባ ጋኑን ማየት ጀመሩ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። ሁላችንም ነጭ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ዋልን። በጥፍሬ ውስጥ የቀረውን ጭቃ ለመደበቅ እጄን ነጠላው ውስጥ አድርጌ ነው የተሳለምኩት፤ ዙሪያዬን ሳይ ግማሹ የሰፈር ወንድ እንደኔው እጁን ደብቋል።

ከሰዓት ስንመለስ ጥጃው አዲሱ ማድ ቤት ጎን ቆሟል። በርቀት ሲታይ ግድግዳውን የሚስም ይመስላል። ቀርበን ስናየው ምላሱን ዘርግቶ፣ ጭቃውን እየላሰ፣ ጭዱን መዝዞ መዝዞ ይበላል። የሰፌድ ያህል ቦታ አጽድቶ ማገሩ ላይ ደርሷል።

አባባ ጥጃውን አልገረፉትም። ጀርባውን መታ መታ አድርገው ወደኔ ዞሩ። «ስድስት ከረጢት ጭድ ይህን ያህል አይሸትም» አሉ። እማዬ ድንገት ቡና መቁላት እንዳለባት አስታወሰች።

ዓርብ፣ ጥር 22

የኔታ ማልደው መጡና ግድግዳውን ዳሰሱት። «ምድጃ መሥራት የሴት ወይዘሮ ጥበብ ነው፤ መቆፈር አይደለም። ዑራኤል ደስ ይለዋል» አሉ። ፈቃድ ተገኘ።

የሳምንቱ ምርጥ ቀን ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዋናውን ሥራ የሠራችው እማዬ ናት፤ እኔ አቀባይ ነበርኩ። ለምድጃው የግድግዳው ጭቃ አይሆንም። አባባ ከሜዳው ዳር ካለው የምስጥ ኩይሳ ሁለት ከረጢት አፈር አምጥተው አስቀምጠዋል። ምስጥ አፈሩን ፈጭቶ፣ በምራቁ ለውሶ ስለሚከምረው ኩይሳ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ ውሃ ሲነካው እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። እማዬ በወንፊት ነፋችው። አመድ ጨመረችበት፣ የአህያ ፋንድያ በእጇ ፈርፍራ ጨመረችበት፣ ከዚያ ለውሳ እንደ ሊጥ እየደፈጠጠች ለረጅም ጊዜ አሸችው። ፋንድያው ውስጥ ያለው ደቃቅ ጭረት ምድጃው እሳት ሲነካው እንዳይፈነዳ ይይዘዋል አለችኝ። «የጎረቤት አህያ ነው፤ ለዚህስ አላሰበም» ስላት ሳቀች።

እኔ በደብተሬ ምድጃውን መስኮቱ ሥር ነበር የሣልኩት፤ ብርሃን አለ፣ ጭስ ይወጣል። እማዬ ሥዕሉን አየችና «ነፋሱስ?» አለች። ከመስኮት የሚመጣ ነፋስ እሳቱን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል፤ እንጀራው በአንድ በኩል ያርራል፣ በሌላው በኩል ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ምድጃው ወደ ማዕዘኑ ሄደ፣ አፉ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ጎን ዞረ። ቁመቱ ላይ ግን አሸነፍኩ። እስከ ወገብ ከፍ ይበል፣ አታጎንብሺ አልኳት፤ እሷ በዱካዋ ላይ ተቀምጬ ነው የምጋግረው አለች፤ ጉልበት ድረስ ከፍ እንዲል ተስማማን።

ሜትር አልነካችም። የምጣዱ ስፋት ክንድ ከአራት ጣት ነው። የማገዶው አፍ ስንዝር ከአራት ጣት። ሦስቱን ጉልቻ አስቀምጣ፣ ምጣዱን ጫነችበትና አጎንብሳ ዓይኗን በምጣዱ ጠርዝ ልክ አድርጋ አየች። አንዱን ጉልቻ በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችው። እንደገና አየች። ከዚያ ትንሽ ውሃ ምጣዱ መሃል ላይ ጠብ አደረገች። ጠብታው ቦታውን ሳይለቅ እዚያው ቆመ። እኔ ኪሴ ውስጥ ከባሕር ዳር የገዛሁት አዲስ ውሃ ልክ አለ፤ እዚያው ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ጉልቻዎቹን ከቦ የወጣውን ጭቃ በመዳፏ እያረጠበች ስታለሰልሰው ቆየች። የእህቴ ልጅ አንደኛ ክፍል ነው፤ ፊደል የተማረ ሰው ባዶ ግድግዳ ሲያይ አያስችለውምና ከበሩ አጠገብ እርጥቡ ላይ በጣቱ «የአያቴ ቢት» ብሎ ጻፈ። እህቴ «ቤ ነው እንጂ ቢ ነው እንዴ!» ብላ ልትደመስሰው ስትሮጥ እማዬ በጭቃ እጇ ያዘቻት። «ተዪው፤ በኋላ ያርመዋል» አለች።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ጊዮርጊስ ነው፣ ቅዳሜም ነው። ስለዚህ ሥራው «መጥረግ» ተባለ። ወለሉን ደልድለን፣ ውሃ አርከፍክፈን፣ በእግር ደለቅነው፤ ከዚያ እማዬና አክስቴ በእበት ለቀለቁት።

ግድግዳው መሰንጠቅ ጀምሯል። እኔ ደነገጥኩ። ከጣራው ሥር ጀምሮ እንደ ደረቀ ወንዝ ካርታ ወርዷል። እማዬ አንዱን ስንጥቅ በጥፍሯ ለክታ ደስ አላት። ለካ የመጀመሪያው ምርጊት መሰንጠቅ አለበት፤ ልስኑ የሚነክስበት ጥርስ ይሆነዋል። ለስልሶ የደረቀ ግድግዳ ላይ የተለሰነ ልስን እንደ ቅርፊት ተላጦ ይወርዳል። ስለዚህ ልስኑ በዚህ ሳምንት የለም። ግድግዳው እስከ ውስጡ ይድረቅ፤ ሁለት ሳምንት፣ ምናልባት ሦስት። ደብተሬ ላይ «ዓርብ፣ ልስን» የሚለውን ሰረዝኩት። በሰማያዊ፣ ቀዩ ግድግዳ ውስጥ ነው።

እሑድ፣ ጥር 24

ነገ ነነዌ ስለሆነ ዛሬ ዶሮ ታረደ። ዶሮ ወጡ የተሠራው ግን እዚያው ላስቲኩ ሥር ነው። አዲሱ ምድጃ ገና እርጥብ ነው፤ ኃይለኛ እሳት ከነካው ይፈነዳል። እማዬ በትንሽ ጭራሮ ቀስ እያለች ታሞቀዋለች፣ እንደ አራስ። ምጣዱን በጎመን ዘር የምታሟሸው ከጾሙ በኋላ ነው። አዲሱ ማድ ቤት ውስጥ ዛሬ የተፈላው ቡና ብቻ ነው፤ በከሰል። ጭሱ በሠራነው ቀዳዳ ወጣ። ከፊሉ ማለቴ ነው። የቀረው የኔታ ዓይን ውስጥ ገባ፤ «ቤቱ አስለቀሰኝ» አሉ፤ በደስታ ይሁን በጭስ ለእኛ ተዉት።

ከጋኑ የተረፈው ቅራሪ ነው። ውሃ ውሃ ይላል፣ ግን ጥም ይቆርጣል። ባለባጃጁም መጥቷል፤ ዛሬ ሥጋ ስለተፈቀደ ማንም አልሰደበውም። ሁለተኛውን አንኮላ ሲጨርስ እንደ ዋዛ «ነገ በአንድ ሰዓት ትደርሳለህ አይደል?» አለኝ።

«የት?»

አባባን አየ። አባባ አጥንት መጋጥ ላይ አተኮሩ።

ነገሩ ተገለጠ። ረቡዕ የመጣው ሰው ደቦ አልነበረም፤ ወንፈል ነበር። ደቦ ከሆነ አብልተህ፣ አጠጥተህ፣ መርቀውህ ይሄዳሉ፤ አበቃ። ወንፈል ግን ብድር ነው፤ የሰው አንድ ቀን ከወሰድክ ያንኑ አንድ ቀን ትመልሳለህ። አባባ የአሥራ አንድ ሰው ብድር ተቀብለዋል። ስምንቱን ራሳቸው ይከፍላሉ፤ አጨዳውም ውቂያውም አልቆ እጃቸው ነፃ ነው። ሁለቱን ለአክስቴ ልጆች አካፍለዋል፤ የዶሮ ቤቱ ጭቃ ሒሳብ ይሁን ብለው። አንዷ፣ የባለባጃጁ፣ ለእኔ ተይዛለች። ጓሮው ውስጥ አንድ ክፍል እየሠራ ነው፤ ቋሚው ተተክሏል፣ ጭቃው ከረቡዕ ጀምሮ ቦክቷል።

«ፈቃዴ እኮ ሊያልቅ ነው» አልኩ።

«ዐሥር ቀን ነው ያልከኝ» አሉ አባባ። «ቆጥሬዋለሁ። ነገ ዐሥረኛው ነው።»

ሰኞ፣ ጥር 25

ነነዌ፣ የመጀመሪያው ቀን። በአንድ ሰዓት ደረስኩ። ባሕር ዳር የምገባው ነገ ነው፤ ለመሥሪያ ቤት ስልክ ደውዬ አንድ ቀን ጨምሬያለሁ፤ ምክንያቱን «የቤተሰብ ብድር» ብዬዋለሁ።

ግድግዳው 3 ሜትር በ3 ሜትር ነው። ጭዱ ከኛው ያነሰ ነው፤ ነግሬዋለሁ፣ አልሰማኝም። ዛሬ ከውስጥ የቆመው እሱ ነው፣ ከውጭ እኔ። ወሬው አልቀረም። የዶሮዋን ታሪክ ካቆመበት ቀጥሎ፣ መሪው ላይ ጉብ እንዳለች እስከ ጅጋ መዳረሷን ነገረኝ። ብዙ የምጠይቀው ነበረኝ። ቀኑን ሙሉ አፌን ገጥሜ ሠራሁ።